«ማን ቀረ?» ይሉ ነበር

አጎቴን አፈር ካለበስናቸው ወር ሊሞላ ነው፤ እኔ ግን ዛሬም አንድ ቦታ አርፌ መቀመጥ አልቻልኩም። ከዘራቸውን ከጥጉ አነሳለሁ፤ መልሼ አስቀምጣለሁ።

ዳንግላ ውስጥ በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን ሲያስተምሩ ነው ያረጁት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልጆቹ ሲሰበሰቡ፣ መዝሙር ከማስጀመራቸው በፊት «ማን ቀረ?» ይላሉ። ትምህርቱ ሲያልቅ ምሳ እንኳ ሳይቀምሱ ወደ ቀረው ልጅ ቤት ይሄዳሉ። ቤቱ ገጠር ከሆነ መንገዱ እስከሚያስኬድ በጋሪ፣ ከዚያ ወዲያ በእግራቸው ነው። ከወላጆቹ ጋር በአዊኛ ይጫወታሉ፤ ልጁን ደጃፉ ላይ አስቀምጠው ያመለጠውን ያስተምሩታል።

አብሬያቸው አስተምር ስለነበር ነገሩ ያበሳጨኝ ነበር። «ጋሼ፣ ለአንድ ልጅ ብለው ይህን ሁሉ መንገድ?» ስላቸው፣ «የመጣውንማ ደወሉም ያስተምረዋል» ይሉኛል።

አንድ እሑድ እሳቸው ራሳቸው ቀሩ። ስልካቸውን ብሞክር ኔትወርክ እምቢ አለኝ። «ደክሟቸው ይሆናል» ብዬ አስተምሬ ወደ ቤቴ ገባሁ። ማክሰኞ አረፉ።

ባለፈው እሑድ እንደ ልማዳቸው «ማን ቀረ?» ብዬ ጠየቅሁ። ልጆቹ ሁሉ ዞረው የጋሼን ባዶ ወንበር አዩ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ልጅ እጇን አወጣች።

«ጋሼ የቀሩ ቀን ቤታቸው ማን ሄደ?»

መዝሙር አስጀመርኩ።