ጥፋቱ የላኪው አይደለም

ባለፈው ሳምንት ጎንደር አራዳ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ አንዲት ሴትዮ የነጠላ ጥለት እያማረጠች ስታደክመኝ፣ ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። የጻፈልኝ አገሩን እንኳ የማላውቀው ወጣት ነው። «በፕሮግራሙ መመሪያ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ቴክኒካዊ አይደለም፤ ለምን እንደተጻፈም አይታወቅም። ልሰርዘው ነው። ተቃውሞ አለህ?» ይላል። ዓረፍተ ነገሩንም ከሥር ለጥፎታል። በአማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው፦ «መብራት ተቋርጦ መልእክት ቢጠፋ፣ ጥፋቱ የላኪው አይደለም።»

የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሴትዮዋ ምንም ሳትገዛ ወጣች፤ እኔም ቆይ አላልኳትም።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፤ ስንቱን ሳስረዳ ኖሬ ደክሞኛል እንጂ። ሚሌኒየሙ ካለፈ ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ ገና ሃያ አራት ዓመቴ ሳለ፣ ጎንደር ውስጥ የጤና መረጃ በሚሰበስብ አንድ ትንሽ ፕሮጀክት በኮንትራት ተቀጥሬ ነበር። በየወረዳው ጤና ጣቢያ አንድ አንድ ኮምፒውተር አስቀምጠን ነበር። ነርሷ መልእክቷን ትጽፋለች፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ ፕሮግራም ተቀብሎ ይይዘውና ኔትወርክ ሲገኝ ጎንደር ላለው ኮምፒውተር ያደርሳል። ፕሮግራሙ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ፣ በየአገሩ ያሉ ሰዎች ያለ ክፍያ የሚሠሩት ነው። እኛ «ደላላው» እንለው ነበር። ጨርቅ ነጋዴው አባቴ ይህን ሲሰማ ሣቀ። «አራዳ ደላላ ጠፍቶ ነው አንተ ሌላ የምትጨምርብን?» አለኝ።

ደላላውን ማዋቀርና መፈተሽ የእኔ ሥራ ነበር። ኮምፒውተሮቹ ያረጁ ስለነበሩ መልእክት ሲላክ ይንቀራፈፋሉ፤ ሰው አማረረ። እኔ ጎበዙ መላ አገኘሁ፤ በማዋቀሪያው ፋይል ውስጥ አንዲት መስመር ቀየርኩ። ከዚያ በኋላ ደላላው መልእክቱን ዲስክ ላይ መጻፉን ትቶ፣ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ በሚጠፋው ጊዜያዊ ማስታወሻ ብቻ ይይዘው ጀመር። ፈጠነ። «ተልኳል» የሚለው ቃል ወዲያው ብቅ ይላል። ባትሪና ጄኔሬተር ባለው ቢሯችን ስንት ጊዜ ፈተሽኩት፤ አንድም መልእክት አልጠፋም። መስመሯን መቀየሬን ግን መመሪያ ላይ አልጻፍኩም። ማን መመሪያ ያነባል ብዬ። ወጣትነት!

በዚያ ክረምት የመካነ ብርሃን ጤና ጣቢያ ነርስ ሲስተር ባንቺአየሁ፣ አንድ ቀበሌ ውስጥ ኩፍኝ መግባቱን ገልጸው ክትባት እንዲላክ ጠየቁ። መልእክቱ ጎንደር አልደረሰም። የጤና ጣቢያው ስልክም በዝናቡ ተበላሽቶ ነበር። እሳቸው «ተልኳል» የሚለውን አይተው ጠበቁ፤ እኛ ምንም ስላላየን ተኛን። ክትባቱ ሳምንታት ዘግይቶ ደረሰ። በነዚያ ሳምንታት የታመሙትን ልጆች ነገር ዛሬም ዘርዝሬ ማውራት አልችልም። አለቃችን «ነርሷ ሪፖርት አላደረገችም» ብለው ጻፉ፤ ለሲስተር የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳቸው፤ ከሥራ ሊያሰናብቷቸውም ይመካከሩ ጀመር። እኔን «ሂድና ኮምፒውተሩ ደኅና መሆኑን አረጋግጥ» አሉኝ። ደኅና ለመሆኑ እርግጠኛ ነበርኩ። ሴትዮዋ ዋሽተዋል ብዬ ነው የሄድኩት፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

በመስከረም፣ መንገዱ ጠፈፍ ሲል ወጣሁ። አውቶቡሱ ኮሶዬ ላይ ለቁርስ ቆመ። ብርዱ አጥንት ይገባል። ተሳፋሪው ጥብስ ሲያዝ፣ ሥጋው የእስላም ስላልነበረ እኔ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ አዘዝኩ፤ ከመብላቴ በፊት እጄን አሞቅኩበት። ከደባርቅ በኋላ ያለውን በጭነት መኪና ላይ ነው የሄድኩት። ገብሱ እሸት ደርሶ ነበር፤ ጭቃው ግን ገና አልለቀቀም። መካነ ብርሃን ስደርስ ወገቤ የእኔ አልነበረም።

ሲስተር ባንቺአየሁ እዚያው ጃናሞራ ተወልደው ያደጉ፣ በአርባዎቹ ውስጥ ያሉ ቀጭን ሴት ነበሩ። አልተቆጡኝም፤ የከበደኝም እሱ ነው። የመዝገብ ደብተራቸውን አውጥተው የላኩበትን ቀንና ሰዓት አሳዩኝ።

«ተልኳል አለኝ፤ ይኸው ጽፌዋለሁ። ምነው ዝም አላችሁኝ?»

«እስቲ እንዴት እንደላኩ ያሳዩኝ» አልኳቸው።

ተቀምጠው ጻፉ፤ ላኩ፤ «ተልኳል» አለ። ኔትወርክ ስላልነበረ መልእክቱ ደላላው ዘንድ ተራ እየጠበቀ ነው። ያኔ አምፖሉ ብልጭ ድርግም አለ። ሲስተር ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ጎንበስ አሉና ገመዱን ከሶኬቱ ነቀሉት።

«ምነው ነቀሉት?» አልኩ።

«ምነው ትላለህ እንዴ! መብራቱ ሄዶ ሲመለስ በኃይል ነው የሚመጣ፤ ያቃጥለዋል። ፍሪጁንም እነቅላለሁ። የሰው ዕቃ ነው ብዬ ስጠብቅላችሁ!»

ጎንደር ውስጥ ይህን የማያደርግ ቤት የለም። እናቴ ቴሌቪዥኑን ትነቅላለች፤ እኔም እነቅላለሁ። አገር በሙሉ ገመድ ሲነቅል እያየሁ አድጌ፣ ያን ሁሉ ስፈትሽ አንድ ቀን እንኳ አልነቀልኩም! መብራቱ ሲረጋ ኮምፒውተሩን አስነሣን። መልእክቱ የለም። እሳቸው ዕቃችንን ከቃጠሎ ባዳኑ ቁጥር፣ የእኔ መስመር መልእክታቸውን ይበላባቸው ኖሯል።

«ሲስተር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። መስመሯን እንዴት እንደቀየርኩ ነገርኳቸው።

ደብተራቸውን ዘጉ። «የኔን ጥፋት በወረቀት ነው የጻፉት፤ ማኅተም አለበት» አሉ። «አንተ በአፍህ ትነግረኛለህ። ጻፈው እንጂ፣ ወንድሜ።»

እጽፋለሁ ብዬ ተመለስኩ፤ ጎንደር ስደርስ ግን ፈራሁ። ኮንትራቴ ሊታደስ ጥቂት ሳምንት ነበር የቀረው። ለአባቴ ነገርኩት። ጨርቅ እየለካ ነበር፤ ቀና እንኳ አላለም።

«እኔ ቀዳዳ ያለው ጣቃ ሲገባብኝ ምን አደርጋለሁ?» አለኝ።

አውቃለሁ። ገዢው ፊት ይዘረጋውና ቀዳዳውን በጣቱ ያሳያል። እንከኑን ደብቆ መሸጥ በእኛ ሐራም ነው፤ ገዢው ጥሎት ቢሄድም ያሳያል።

«ታዲያ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?» አለ አባቴ።

ጻፍኩ፤ ፈርሜም ለአለቃችን ሰጠሁ። «ምን ነክቶህ ነው ራስህን የምትከስ?» አሉኝ፤ ቢሆንም ተቀበሉኝ። የሲስተር መባረር ቀረ። ማስጠንቀቂያው ግን አልተነሣም፤ የእኔን ደብዳቤ በላዩ አያይዘው ሁለቱንም አንድ ፋይል ውስጥ ከተቷቸው። የእኔም ኮንትራት አልታደሰም።

ተናደድኩ። ለሲስተር የገባሁት ቃል መዝገብ ቤት ተኝቶ እንዲቀር አልፈለግሁም። ከአባቴ ሱቅ ጓሮ አሮጌ ኮምፒውተር ተክዬ፣ መልእክት እየላክሁ ገመድ ስነቅል፣ ደግሞ እየላክሁ ስነቅል ከረምኩ። ከዚያ ፕሮግራሙን ለሚሠሩት ሰዎች ጻፍኩ። መልእክቱ ዲስክ ላይ ሳይጻፍ «ተልኳል» አይበል፤ ያቺን መስመር የሚቀይር ሰው አስቀድሞ አደጋውን ይነገረው፤ የገመድ መንቀል ፍተሻም ከሌሎቹ ፍተሻዎች ጋር ይጨመር አልኩ። «ማን ነው ኮምፒውተር እየሠራ ገመዱን የሚነቅል?» አሉኝ። በዚያ በሚንቀራፈፍ ኢንተርኔት ስንት ደብዳቤ፣ ስንት ወር! በመጨረሻ እሺ አሉ። ያቺን ዓረፍተ ነገርም መመሪያው ውስጥ አስገባኋት፤ ማንም ልብ አላላትም። ገጹን አትሜ በሹፌር እጅ ለሲስተር ላክሁላቸው። ከሶኬቱ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፈውታል ሲሉ ሰማሁ።

ከዚያ ወዲህ ጨርቅ እሸጣለሁ፤ ትርፍ ጊዜዬን ለዚያ ደላላ እሰጣለሁ። አርባን አልፌያለሁ፤ ዓይኔም ደክሟል። እውነቱን ለመናገር፣ የወጣቱን መልእክት ሳነብ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «ይሰርዛት፣ ምን ቸገረኝ» የሚል ነበር። ፕሮግራሙ ተሻሽሏል፤ ገመድ ቢነቀልም መልእክት አይጠፋም። ልጁ አልተሳሳተም። ሁሉንም ከሥሩ ጀምሮ ለማስረዳት አቅሙ አልነበረኝም።

ግን አላስችል አለኝና ለሲስተር ደወልኩ። ጡረታ ወጥተው ደባርቅ ልጃቸው ዘንድ ናቸው። ጤና ተጠያየቅን፤ የጉልበታቸውን ሕመም አወሩኝ። ጡረታ ሲወጡ ፋይላቸው ተከፍቶ እንዳዩት ነገሩኝ። ማስጠንቀቂያው ከነማኅተሙ አለ። የእኔ ደብዳቤ የለም፤ የት እንደገባ የሚያውቅም ሰው አላገኙም።

«ያቺ መመሪያው ላይ የጻፍካትስ?» አሉኝ። «እሷ አለች?»

«አለች፣ ሲስተር።»

«ሸጋ» አሉ።

ስልኩን ዘጋሁና መነጽሬን አድርጌ ለወጣቱ «ተቃውሞ አለኝ» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ።