አንድ ጣት ቅቤ

የደሴ ሰው ለመድኃኒቱ ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ የኮምቦልቻ ሰው ለመድኃኒቱ ደሴ ይወጣል። ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ሚኒባስ ከሚኒባስ ስንተላለፍ፣ እነዚያ እኛን ሸሽተው ሲወርዱ እኛ እነሱን ሸሽተን ስንወጣ፣ ብቻዬን እስቃለሁ። ቫይረሱ በደሙ ያለ ሰው የማያውቁት ከተማ ሄዶ መታከሙ የእኛ አገር ብልሃት ነው። እኔ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ የምሠራ ነኝ፤ ስለዚህ የምወጣው ወደ ደሴ ነው።

ለሥራ ጓደኞቼ የምሰጠው ሰበብ ደሴ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር የምትኖር አክስቴ ነበረች። አክስት የለኝም። መጀመሪያ ጉንፋን አስያዝኳት፣ ቀጥሎ ወገቧን አሳመምኳት፣ ቆየት ብዬ ስኳር ጨመርኩላት። አንድ ቀን አጠገቤ ማሽን ላይ የምትሠራው ልጅ፣ «ወላሂ እኚህ አክስትሽ ወይ ይዳኑ ወይ ይረፉ» አለችኝ። ደሜ ፈላ። የሌለች አክስቴን ሞት ተመኘችብኝ ብዬ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኳት።

ደሴ የሚጠብቁኝ ሰዎች ግን እውነተኛ ነበሩ። «ቡድኑ» ነው የሚባሉት፤ እንደ ቤተሰብ ግን ይጨቃጨቃሉ። ዶክተሩ ዝምተኛ ነው፤ ሁላችንም ሲስተር የምንላት ነርስ የእሱንም ድርሻ ታወራለታለች። ፋርማሲስቱ ቀልድ ካላስቀደመ መድኃኒት አይሰጥም። አራተኛዋን እትዬ እንላቸዋለን። እሳቸው ነጭ ጋዋን አይለብሱም፤ እንደኛው ቫይረሱ በደማቸው ያለ፣ ከብዙዎቻችን በፊት መድኃኒት የጀመሩ፣ አሁን አዲስ የሚመጣውን ሰው አይዞህ የሚሉ ሴት ናቸው። ማክሰኞ ጠዋት አራቱም አንድ ጠረጴዛ ከበው በየሰዉ ጉዳይ ይመክራሉ። ኮሪደር ላይ ለምንጠብቀው የሚሉት አይሰማንም፤ ሲስተር ጠረጴዛ ስትመታ ብቻ ይሰማናል።

መድኃኒት የጀመርኩ ሰሞን ሰዓቱ ተምታታብኝ። ፈረቃው አንድ ሳምንት ጠዋት ነው፣ አንድ ሳምንት ከሰዓት፣ አንድ ሳምንት ሌሊት። ፋርማሲስቱ ሰዓት ልስጥሽ አላለኝም። «በቀን ውስጥ ፈጽሞ የማይቀርብሽ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ምሳም ይቀርብኛል፣ እንቅልፍም ይቀርብኛል» አልኩት ተናድጄ። «የመግሪብ አዛን ነው የማይቀርብኝ፤ ፋብሪካውም ውስጥ ይሰማል።»

«በቃ፣ መድኃኒትሽ ከአዛኑ ጋር ነው።» አንገቱ ላይ ማተብ አለ፤ የመግሪብን ሰዓት ግን ከኔ እኩል ያውቀዋል። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላለፈኝም።

ባሌን ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። ኮምቦልቻ ባጃጅ ይነዳል። ከመጋባታችን በፊት ደሴ ወስጄ፣ ዶክተሩና እትዬ ባሉበት ነገርኩት። ተመረመረ፣ ነጻ ነበር። ጥያቄውን ሁሉ ጠይቆ ሲያበቃ፣ «ታዲያ ለዚህ ነው እንዴ ሽማግሌ ልላክ ስል እምቢ ያልሽኝ? እኔ እኮ ባጃጄን ንቀሽ መስሎኝ ነበር» አለ። እትዬ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ሳቁ።

ያረገዝኩ ጊዜ ዜናውን ይዤ ሐረጎን የወጣሁበትን ቀን አልረሳውም። ሚኒባሱ ቀርፋፋ ሆነብኝ፤ ወርጄ ብሮጥ የምቀድመው መሰለኝ። ዶክተሩ ውጤቴን አየና ለወትሮው የማይፈታው ፊቱ ተፈታ።

«ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ወርዷል። እንዲህ ከቀጠልሽ ልጅሽ ነጻ የመሆን ዕድሏ ትልቅ ነው።» ሴት ትሁን ወንድ ገና አይታወቅም፤ እሱ ግን «ዕድሏ» አለ። ልቤ ዘለለች።

ቀጥሎ ሲስተር ትእዛዙን ደረደረችው። ሕፃኗ ስትወለድ የሚከላከልላት ሽሮፕ ይሰጣታል። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ነው፤ ውሃ የለ፣ ስኳር የለ፣ ምንም የለ። ጡት ከሌላ ነገር ጋር ሲቀላቀል የሕፃን አንጀት ይቆጣል፣ ለቫይረሱም በር ይከፍታል አለችኝ። እሺ፣ እሺ እያልኩ ሳለ እትዬ ድንገት፣ «አማትሽ የየት አገር ሰው ናቸው?» አሉኝ።

«የቦሩ ሜዳ።»

«በይ እንግዲህ» አለች ሲስተር፣ «ቅቤው መጣ።»

የኛን አገር የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ሕፃን ሲወለድ አያት ቢስሚላህ ብላ በጣቷ ለጋ ቅቤ ታስውጠዋለች፤ ጉሮሮው እንዲለሰልስ፣ አንጀቱ እንዲርስ። ያልዋጠ ልጅ አያት እንደሌለው ይቆጠራል። አራቱም ተከራከሩልኝ። ፋርማሲስቱ ሐኪም ከለከለ በያቸው አለ፤ ሲስተር የለም፣ አይሰሟትም አለች። እትዬ፣ «እውነቱን ብትነግሪያቸውስ?» አሉኝ።

«ሞቼ ነው ቆሜ» አልኩ። «እሳቸው ዛሬ ከሰሙ ነገ ቅሬው በሙሉ ሰማ ማለት ነው። ለቀብር የሚሰበሰበው ዕድርተኛ ሳልሞት ይመጣልኛል።»

እትዬ አልተጫኑኝም። «መናገሩ ያንቺ ነው። ከዚህ ክፍል ማንም አይናገርብሽም» ብለው ተዉት።

ልጄ ተወለደች። እንደተባለውም ሴት ናት። ወላሂ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም፤ ሁሉም የሷ ነገር ያስቀኝ ነበር፣ ማስነጠሷ እንኳ። ብዙም ሳይቆይ አማቴ ከቦሩ ሜዳ ቅል ሙሉ ቅቤ ይዘው ደረሱ።

«እማ፣ ለሷ ሐኪም ከልክሏል» አልኳቸው ገና ሳይቀመጡ።

«ሐኪሙ ራሱ ቅቤ ሳይውጥ ነው ያደገው?»

በማግስቱ ከሰዓት የአራስ እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ አማቴ ልጄን ታቅፈው እሹሩሩ ይላሉ። የልጄ ከንፈር ያብረቀርቃል። የአማቴም ሌባ ጣት ያብረቀርቃል። ከእጃቸው ነጠቅኳት። ነጠቅኳት ነው የምለው፤ ሌላ ቃል የለውም። አማቴ ባዶ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። «ምን አጠፋሁ ልጄ? አንድ ጣት እኮ ነው» አሉ። ጓዳ ገብቼ ለሲስተር ደወልኩ፤ ከለቅሶዬ መሀል ቅቤ የሚለውን ብቻ ሳትሰማ አልቀረችም።

ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። ስልኩን ለዶክተሩ ሰጠችው። «አንድ ጣት ነው?» አለ። «ተረጋጊ። ትልቁ ጋሻዋ ያንቺ መድኃኒት ነው፣ እሱን አላቋረጥሽም። ሽሮፑን ቀጥይ፣ ጡትሽን ስጫት። ምርመራው እስኪነግረን ምንም አልሆነችም አልልሽም፤ ግን ተስፋችን አልተነካም። ብቻ ሁለተኛ እንዳይደገም።» ሲስተር ስልኩን መልሳ ተቀበለችውና፣ «ነገ እትዬን እንላክልሽ?» አለችኝ። ይምጡ አልኩ።

በማግስቱ ያቺ የማሽን ጎረቤቴ አራስ ልትጠይቅ መጥታ ተቀምጣለች። በሩ ተንኳኳ። እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ብርቱካን ይዘው ገቡ። «እንዴት ዋላችሁ፣ አክስቷ ነኝ፣ ከቧንቧ ውሃ» አሉ።

ተረቴን ነግሬያቸው ነበር፤ እንዲህ ይለብሱታል ብዬ ግን አልጠበቅኩም። ጎረቤቴ ብድግ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ምንም አልቀራት። «አልሐምዱሊላህ፣ ዳኑ? ስኳሩስ? ወገብዎስ?» እትዬ ስለ ወገባቸው ሲያስረዱ ቆዩ። አክስቲቱ ክርስቲያን፣ የወንድሟ ልጅ ሙስሊም፤ ወሎ ውስጥ ይህን የሚጠይቅ የለም። በዚያ ሁሉ ጭንቀቴ መሀል ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

ጎረቤቴ ስትሄድ ከአማቴ ጋር ሦስታችን ቀረን። እትዬ ብርቱካን መላጥ ጀመሩ። መናገሩ የኔ መሆኑ ገባኝ።

«እማ፣ ቫይረሱ በደሜ ውስጥ አለ» አልኩ። «ልጅዎ ያውቃል፣ እሱ ነጻ ነው። ሕፃኗም ነጻ እንድትሆን ነው በጡት ብቻ የያዝኳት። ትናንት የነጠቅኩዎ ለዚህ ነው።»

የጠበቅኩት ጩኸት ነበር። ተነስተው ይሄዳሉ፣ ልጃቸውን ይጠራሉ ብዬ ነበር። አማቴ ግን ቀኝ እጃቸውን አንስተው ጣታቸውን አዩት። «በዚህ ጣቴ?» አሉ። «ልጄን በዚህ ጣቴ ገደልኳት?»

ከዚያ በኋላ ያለቀሱት ልቅሶ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። እትዬ ብርቱካኑን አስቀምጠው አጠገባቸው ተጠጉ። «አብሽሩ፣ አልገደሏትም። እኔም አለብኝ። ትንሹ ልጄ የተወለደው መድኃኒት ከጀመርኩ በኋላ ነው፤ ዛሬ በበሩ ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው፣ ነጻ ነው። አንዱ ጣት አለፈ። የሚመጣው ነው የሚያሳስበው።»

አማቴ እንባቸውን ጠረጉ። «አውፍ በይኝ» አሉኝ። አማት ምራቷን ይቅርታ ስትጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። ቀጥለውም፣ «የዚህች ልጅ የመጨረሻ ውጤት እስኪሰማ ቅቤ በአፌ አይዞርም፣ ወላሂ» ብለው ማሉ። የቦሩ ሜዳ ሰው ቅቤ አልቀምስም ብሎ መማሉ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ወዲያው ወደ እትዬ ዞረው፣ «ይቺ ሽሮፕ ስንት ሰዓት ነው የምትሰጣት?» ሲሉ ሰማሁ።

ከዚያ ወዲያ ነው ጉዱ። ለስም ማውጣቱ የመጣችውን የሰፈር ጎረቤት፣ ለሕፃኗ ስኳር በውሃ በጥብጣ ብቅ ብትል፣ አማቴ በሩ ላይ ቆመው መለሷት። «ሐኪም ከልክሏል።»

«ሐኪም ምን ያውቃል?» አለች ሴትዮዋ።

«ካንቺ ያውቃል» አሉ አማቴ። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ትራስ ነከስኩ።

የፈራሁት ወሬም አልወጣም። ቅሬው እስከዛሬ አልሰማም። አማቴ ቦሩ ሜዳ ከተመለሱ በኋላ በየማታው ሚስድ ኮል ያደርጉልኝ ጀመር። አዛኑ ሲጀምር ስልኬ አንዴ ጠርቶ ይቆማል፤ መድኃኒትሽን ዋጪ ማለታቸው ነው።

የመጀመሪያው ምርመራ አራስነቴን እንደጨረስኩ ነበር። ከተረከዟ ጠብታ ደም ወሰዱ፤ ውጤቱ ነጻ ሆኖ መጣ። ባሌ የባጃጁን ጥሩምባ እስኪበቃው ነፋ። ለአማቴ ስደውል ግን፣ «የመጨረሻው ነው?» አሉኝ። አይደለም፣ ጡት ከተወች በኋላ ሌላ አለ አልኳቸው። «እንግዲያው ቅቤው ይቆይ።»

ቆየ። ልጄ ስድስት ወር ሞልቷት ምግብ ስትጀምር ዶክተሩ ቅቤ ፈቀደላት፤ አማቴ በመጡ ቁጥር ገንፎዋን በቅቤ ያሹላትና ጣታቸውን ሳይልሱ ይታጠባሉ። ኢድ መጣ፣ የሳቸው ወጥ ለብቻው በዘይት ተሠራ። ዘመድ ታመሙ እንዴ ይላል፤ ሐኪም ከልክሎኝ ነው ይላሉ። ቡድኑም ዘንድ ወሬው ደርሷል። ደሴ በወጣሁ ቁጥር ፋርማሲስቱ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለኔ አይደለም። «አማትሽ ቅቤ ጀመሩ?» ይላል። ሲስተር ደግሞ፣ ገና ናቸው ስላት፣ ዶክተሩን እንደ ጥፋተኛ ታየዋለች።

ልጄ ዓመት ተኩል ሆናት፣ ጡትም ተወች። የመጨረሻው ቀን ማክሰኞ ላይ ዋለ። እኛ ከኮምቦልቻ ወጣን፣ አማቴ ከቦሩ ሜዳ በሚኒባስ መጥተው በር ላይ ተገናኘን። ጨዋታም የለ፣ ሰላምታውም አጭር ነበር። ደሟን ሰጠች፣ ጮኸች፣ ብስኩት ተሰጥቷት ዝም አለች። እኔ መቀመጥ አቃተኝ፤ ደስታ ይሁን ፍርሃት ሳላውቀው ኮሪደሩን እመላለስበታለሁ። ሁለቱም ነበሩ መሰለኝ።

ቡድኑ ወደ ማክሰኞው ክፍል አስገባን። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ወንበር ተስቦልን ተቀመጥን። ዶክተሩ ገባ። አጭር ነው ንግግሩ።

«ነጻ ናት። ጨርሰናል።»

ኮሪደር ላይ ስትጮሁ እንዳልሰማ የምትለን ሲስተር ናት እልልታውን ያስነካችው። ባሌ ዶክተሩን አቅፎ ከመሬት አነሳው። እትዬ እኔን አቀፉኝ፤ እኔ እንደ እብድ እስቃለሁ፣ እንባዬም ይወርዳል።

አማቴ ብቻ አልተነሱም። ከፎጣቸው ውስጥ አንዲት ትንሽ ቅል አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከቦሩ ሜዳ ድረስ ይዘዋት መጥተዋል፤ ውጤቱ ሌላ ቢሆንስ ብለው አላሰቡም። ክዳኑን ከፈቱ። ለጋ ቅቤ ነው። ፋርማሲስቱ፣ «እንግዲህ እማማ፣ ስለቱ ደርሷል፣ ይብሉ» አለ።

አማቴ ሌባ ጣታቸውን ዘረጉ። ቅሉ አፍ ላይ ሲደርስ ግን ጣታቸው ቆመ። አዩት፣ እንደዚያን ቀን። መልሰው ጭብጥ አደረጉት።

ልጄ ሰሞኑን የምትበላውን ሁሉ ለሰው ካላጎረሰች አይሆንላትም። ከጭኔ ወርዳ፣ በጠረጴዛው ጠርዝ ተንጠራርታ ጣቷን ቅሉ ውስጥ ነከረች። እስከ መዳፏ ቅቤ ሆና ወደ አያቷ ዞረች።

«እንኪ» አለቻቸው።

አማቴ ቢስሚላህ ብለው አፋቸውን ከፈቱ።