ስማቸውን የማላውቀው ሺፉ

ሺፉ የተሰናበቱን ቀን፣ ላንሲ በምትባል የስዊስ ከተማ በነበረው የማዳም ቤት ኩሽና ውስጥ የነበርነው ማዳም፣ ቻይናዊቷ ሞግዚት፣ እኔና ሺፉ ነን። ትናንት ዝንጅብል ስከትፍ ሽታው እጄ ላይ ቀረና፣ ሁላችንም እዚያ እንደቆምን ትዝ አለኝ።

ሺፉ የማዳም ምግብ ሠሪ ነበሩ፤ ሽማግሌ ቻይናዊ። እኔ ገና ወጣት ነበርኩ፤ የተቀጠርኩት ለጽዳት ነው። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ ሙያ እንኳ አያምልጠኝ እል ነበር። ሞግዚቷ፣ «ሙያ የሚያሳይሽን ሰው እኛ ሺፉ ነው የምንለው። ተማሪዬ ካላለሽ ግን ገና አልተቀበለሽም» አለችኝ።

ሺፉ አልኳቸው። የቢላዋ አያያዜን አረሙ፤ ዘይቱ ሲንጫጫ እንዳዳምጥ ጆሮዬን ወደ መጥበሻው አመለከቱ። ተማሪዬ ግን አላሉኝም።

ማዳም ደግሞ፣ «እዚህ ቤት ሁላችን እኩል ነን፤ ፒየር በይው» አሉ። የሺፉ የቻይና ስም ስለከበዳቸው ማዳም ያወጡላቸው ስም ነው። የአባቴን እኩያ ፒየር? አፌ እምቢ አለ። ማዳም አጠገባችን ካሉ፣ ድስቱን በማንኪያ መታ መታ አደርጋለሁ፤ ሺፉ ዞር ይላሉ። ሞግዚቷ፣ «ሺፉሽን እንደ ድመት ትጠሪያለሽ?» ብላ ትስቅብኛለች። እኔ እበግናለሁ።

ያን ቀን ሺፉ ዙሪክ ምግብ ቤት ሥራ አግኝተው ሊሄዱ ነበር። ማዳም፣ «በይ፣ ፒየርን ተሰናበችው» አሉኝ። ሻይ ቀዳሁ። በሁለት እጄ ይዤ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ማዳም እየሰሙ «ሺፉ» አልኩ። ተቀብለው እስከ አተላው ጠጡት። ባዶውን ስኒ እየመለሱልኝ «ቱዲ» አሉ።

«ተማሪዬ አለሽ» አለች ሞግዚቷ በጆሮዬ።

ዛሬ እኔም ዙሪክ ነኝ፤ በዚያው ሙያ ልጅ አሳድጋለሁ። የቻይና ምግብ ቤት ባየሁ ቁጥር ገብቼ እጠይቃለሁ። «ማንን?» ይሉኛል። «ሺፉን።» «የትኛውን ሺፉ?»

ቻይንኛ የምትማረው ልጄ አስተማሪዋን «ላውሺ» ስትል ደስ ይለኛል። እኔን ግን፣ «ማሚ፣ በቻይንኛ ታክሲ ነጂውም ሺፉ ነው የሚባለው እኮ! ስሙ ማነው?» ትለኛለች። ስማቸው! ትልቅ ሰው ስምህ ማነው ይባላል? ፒየር እንደሆነ ከማዳም በር አላለፈም። እሳቸውን አክብሬ የጠራሁበት ቃል ዛሬ መፈለጊያ አሳጣኝ።

ረጅም ናቸው። የግራ አውራ ጣታቸው ጥፍር የለውም። ዘይት ሲግል ጆሯቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። ያያችኋቸው ካላችሁ፣ እባካችሁ፣ ደህና መሆናቸውን ብቻ ንገሩኝ።