ቆርቆሮ አላለብስም

ዓይነ ስውር ሴት ሲኒማ ልሥራ ስትል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አሶሳ ሰምታለች። ሰምታም ስትስቅ ከርማለች። ጣሂራ ግን ከማንም ሳቅ ጋር ጉዳይ አልነበራትም።

ነገሩ የተጀመረው ገበያው አጠገብ ካለ ቪዲዮ ቤት በር ላይ ነው። ክልሉ ገና መቋቋሙ ነበር። አሶሳ ዋና ከተማ ተባለችና ቢሮውም ሠራተኛውም ቪዲዮ ቤቱም ባንዴ ፈላ። ጣሂራ የበርታ ልጅ ናት፤ ዐረብኛ እንደ አፍ መፍቻዋ ነው። በልጅነቷ ዐይኗን የወሰደው በሽታ ጆሮዋን አልነካውም። የግብፅ ፊልም መጣ ሲባል ጎረቤቷን ብሪቱን ይዛ ሄደች። ብሪቱ በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ የመጣች፣ ጠላ ሸጣ የምታድር ሴት ናት። በረኛው ጣሂራን አየና፣ "እሷ በነጻ ትግባ፣ ምን ልታይ ነው?" አለ። ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። ጣሂራ እልኋን ውጣ ከፍላ ገባች። ፊልሙ ዋናው ወሬ ላይ ሲደርስ ደግሞ ዝናቡ መጣና የቆርቆሮው ጣሪያ ንግግሩን ሁሉ ዋጠው። ሰው በዐይኑ ጨረሰው፤ እሷ ጨለማና ጫጫታ ተሸክማ ወጣች።

መንገድ ላይ ብሪቱን፣ "አንተ ስማኝ፣ እኔ ሲኒማ ይሠራል። ቤቴ ውስጥ" አለቻት። የጣሂራ አማርኛ ስብርብር ያለ ነው፣ ወንዱንም ሴቱንም አንተ ነው የምትለው፤ ብሪቱ ለምዳዋለች።

ሌላ ሰው ቢሆን ከቴሌቪዥን ይጀምር ነበር። ጣሂራ ከድምፁ ጀመረች። በእርዳታ ድርጅት ይሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሊገባ ዕቃውን ሲሸጥ፣ ደረት የሚደርሱ ሁለት የእንጨት ስፒከሮች እንዳሉት ሰማች። ሄዳ ዳበሰቻቸው። ዘፈን ክፈትልኝ አለችው፤ ከፈተላት። ዘፋኟ ከስንኝ ወደ ስንኝ ስትሻገር ትንፋሽ የምትስበው ሳይቀር ተሰማት። ጣሂራ ሁለተኛ አልጠየቀችም። እናቷ ከወንዝ አሸዋ አጥባ ያወጣችውን ወርቅ፣ የጆሮ ጉትቻዋን፣ እዚያው ፈትታ ሰጠች።

"ጆሮሽን ሸጠሽ ሣጥን ገዛሽ" አላት ወንድሟ ባቢከር፣ በጋሪ እየገፋላት።

"ጉትቻውን ነው የሸጥኩት፤ ጆሮዬማ ይኸው" አለችው።

የቀረው ሁሉ ቁርጥራጭ ነበር። አምፕሊፋየሩን ራዲዮ ጠጋኙ ከተቃጠለ ቴፕ ሆድ ዕቃ አውጥቶ አበጀላት። ካሴት ማጫወቻው ዴክ ክዳን የለውም። ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ፣ ከሰፌድ የሚያንስ፤ ያየው ሁሉ የዝንጀሮ መስተዋት እያለ ይቀልድበት ነበር። እሷ ምን ቸገራት? ክብ በሆነችው ሣር ክዳን የቀርከሃ ቤቷ መሐል በርጩማ ላይ ተቀምጣ የዘፈን ካሴት አስከፍታ ባቢከርን ስታንገላታው ዋለች። አስጠጋው፣ አርቀው፣ ትንሽ ወደ እኔ አዙረው። በመጨረሻ የዘፋኟ ድምፅ ከቀኙም ከግራውም ሣጥን መምጣቱን ትቶ፣ በሁለቱ መካከል ካለው ባዶ ቦታ ሰው ቆሞ የሚያወራ መስሎ መጣ። ባቢከር ማን ገባ ብሎ ዞረ። "እዚያ ጋ ቴሌቪዥኑን አድርገው" አለችው።

እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። ማታ ማታ ጎረቤት ይሰበሰባል። ብሪቱ ዐረብኛ አትሰማም፤ ጣሂራ አታይም። ብሪቱ፣ "አሁን በመስኮት እያየችው ነው፣ ከንፈሯን ነክሳለች" ትላለች። ጣሂራ፣ "አትሂድ አለ፣ ግን ድምፁ ይዋሻል" ትላለች። በሁለቱ መሐል የተቀመጠ ሰው አንድ ሙሉ ፊልም ያገኛል። ዝናብ ሲመጣ ሣሩ ይጠጣዋል እንጂ አይጮህም፤ ሹክሹክታ እንኳ አያመልጥም። እነዚያ የሳቁ ሰዎች? መጡ እንጂ፣ የት ይሄዳሉ።

ታዲያ ደስታ መች ይበረክታል፤ የማዘጋጃ ቤት ትእዛዝ ወጣ። በዋናው መንገድ ዳር ያለ ሣር ቤት ሁሉ ቆርቆሮ ይልበስ፣ አለዚያ ይነሣ፤ ዋና ከተማ ሣር ለብሳ እንግዳ አትቀበልም ተባለ። የጣሂራ ቤት ደግሞ ልክ መንገዱ አፍ ላይ ነው።

ሊነግራት የመጣው ሹም ክፉ ሰው አልነበረም። "እትዬ ጣሂራ፣ ቆርቆሮ እኮ እድገት ነው" አላት።

"ቆርቆሮ ዝናብ ሲመጣ ሰው አያናግርም። እኔ ቆርቆሮ አላለብስም።"

"እንግዲያስ ወደ ጓሮሽ ትገቢያለሽ። የመንገዱን ዳር ቆርቆሮ ለሚሠራ እንሰጠዋለን።"

ባቢከር ይህን ሲሰማ ሊያብድ ደረሰ። የመንገድ ዳር ቦታ! ሱቅ ሊከፍትበት ስንት ዓመት ሲያልም የኖረበት። እውነቱን ነው፤ እኔም ብሆን አብድ ነበር። "እሺ ይበልጣል ከሺ ሲባል አልሰማሽም? ለጫጫታ ብለሽ መንገድ ትለቂያለሽ?" አላት።

"ሺውም ይቅርብኝ፣ እሺም አልል። ባቢከር፣ ያ መንገድ ለእኔ አቧራና የመኪና ጥሩንባ ነው። ዓለም ወደ እኔ የገባችው በእነዚህ ሣጥኖች ነው። መንገዱን የሚያየው ይውሰደው።"

ባቢከር ሦስት ቀን አኮረፋት።

በአራተኛው ቀን ብሪቱ ጠላዋን አወጣች፣ ጣሂራ ደቦ ጠራች። ስፒከሮቹ ጣሂራ በምትከናነበው ረጅም ጨርቅ፣ በቶቧ ተጠቅልለው ቀድመው ወጡ። ጣሪያውን ከግድግዳው ያሰረው ገመድ ተፈታ፤ ወንዶቹ ከሥር ገብተው ጣሪያውን ከነሣሩ ብድግ አደረጉት። ባቢከር ከማዶ እጁን አጣምሮ ቆሞ ነበር። ጣሪያው አንድ ወገን ሲያዘነብል አየና፣ ኩርፊያውን ሳይተው ሮጦ ትከሻውን አስገባ። ጣሂራ አልቀመጥም ብላ፣ በባዶ እግሯ መሬቱን እየዳበሰች ከፊት ከፊት ሄደች፤ ሣሩ ከኋላዋ ሲንሿሿ እየሰማች። ጓሮዋ ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ወዲያ አሳረፉት።

ሹሙ መንገዱ መለቀቁን ሊያይ መጥቶ ነበር። ራሱን ነቀነቀ። "እትዬ፣ ከተማው ያድጋል። ከርሞ ትእዛዙ እዚህም ይደርሳል፤ ያኔስ ምን ልትሆኚ ነው?" አላት።

ጣሂራ ፊቷን ወደ ድምፁ አዞረች። ከኋላዋ ጣሪያውን ያወረዱት ሰዎች ገና ያለከልካሉ።

"አንተ ትእዛዝ አምጣ" አለችው። "እኔ ጣሪያ እግር አለው።"