ከመልሱ ጨዋታ በኋላ ይነገረው

ጭድ ተራ ውስጥ የኔና የሱ ሱቅ አንድ ግድግዳ ነው የሚለያቸው። እኔ የስፖንጅ ፍራሽ እሸጣለሁ፣ እሱ ብርድ ልብስና አንሶላ። ከኔ ፍራሽ የገዛ ደንበኛ እሱ ጋ ሳይገባ አይሄድም። እሱ ለሶላት ሲወጣ ሱቁን እኔ አያለሁ፣ እኔ ራጉኤል ልሳለም ስሄድ የኔን እሱ ያያል። የወሎ ልጅ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሲናደድ እንኳ የሚስቅ። እኔ ግን፣ ሰፈሩ ይመስክር፣ ቶሎ የምግል ሰው ነኝ። ሁለታችንም ሳንከራከር የምንስማማበት ነገር ቢኖር ክለባችን ብቻ ነበር።

ያን ዓመት ክለባችን በአፍሪካ ክለቦች ጥሎ ማለፍ ከመቼውም ርቆ ተጓዘ። በየዙሩ አንዱን እየጣለ ሄዶ ሄዶ የሰሜን አፍሪካ ጉልበተኛ ቡድን ደረሰው። እዚያው አገራቸው ሄዶ አንድ ለአንድ ወጣ። በሜዳችን ባዶ ለባዶ ብንለያይ እንኳ፣ ከሜዳ ውጪ ባገባናት ጎል እናልፋለን ማለት ነው። አቤት የዚያን ሰሞን መርካቶ! ተሸካሚው እንኳ ጆንያውን እንደተሸከመ ቆሞ አሰላለፍ ያወጣ ነበር።

ጎረቤቴ እናቱን ሊጠይቅ ወሎ ለመሄድ የተነሳው በዚያው ሰሞን ነው። ደውሎ፣ የመልሱን ጨዋታ አይቼ ብመጣስ ቢላቸው፣ ኳስህን አይተህ ና፣ እኔ የት እሄዳለሁ አሉት። ይህን እየሳቀ ነው የነገረኝ።

የጨዋታው ቀን እሁድ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ሐጂ ጠሩኝ። ሐጂ ከኛ ዝቅ ብሎ ጨርቅ በጅምላ የሚያከፋፍሉ፣ የጎረቤቴ አገር ሰው ናቸው፤ ሐዘንም ሆነ ደስታ ያለሳቸው አይሆንም። ከጣቃዎቹ ኋላ አስገብተውኝ በሩን ገርበብ አደረጉና ነገሩኝ። እናቱ ሌሊቱን አርፈዋል። ከአገር ቤት የተደወለው ለሐጂ ነው፤ ለልጁ ማንም እንዳይደውል ተማክረዋል። ቀብሩ ከአስር ሶላት በኋላ ነው።

ደሜ ፈላ። አሁኑኑ ይነገረውና ይሂድ አልኩ። ሐጂ አልተቆጡም። አሁን ቢነሳም ቀብር ላይ አይደርስም፣ ያን ሁሉ ገደልና ጠመዝማዛ ሐዘኑን ይዞ ብቻውን እንዴት ይወጣዋል አሉኝ። ለሚስቱ ነግረዋታል፤ ዘመድ ይሰበሰባል፣ መኪና ይፈለጋል። መርዶ ደግሞ ሲነጋ ነው የሚነገረው አሉ። ለቀባሪው አረዱት ይሏል ይሄ ነው! ጎህ ሲቀድ፣ ሰውዬው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ እንደሚረዳ መቼ አጣሁት? ስንት ሰው ደጃፍ ላይ ቆሜአለሁ። ግን ለሌላው መርዶ ማጀብና የወዳጅን መርዶ ቀኑን ሙሉ በሆድ ይዞ መዋል ለየቅል ነው።

"ታዲያ ዛሬን ምን ላድርገው?" አልኳቸው።

"ስታዲየም ይዘኸው ሂድ። ከዛሬው ኳስ ካስቀረነው ይጠረጥራል። ስልኩን ከእጁ አውጣልኝ። ከመልሱ ጨዋታ በኋላ ይነገረዋል።"

ሆድ ይፍጀው ብዬ ወጣሁ። ጎረቤቴን፣ የኔ ስልክ እምቢ አለኝ፣ እስቲ ባንተ ልደውል አልኩት። ሰጠኝ። ያ ሰው ምን ይጠረጥራል! አጥፍቼ ኪሴ ከተትኩትና ባትሪው አለቀ አልኩት። ይለቅ፣ ዛሬ ማንም ቢደውል አላነሳም አለኝ። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ድረስ በእግራችን ወርደን ታክሲ ያዝን። ታክሲው ውስጥ ሁሉም ይዘፍናል፤ ከሁሉም በላይ የሚጮኸው እሱ ነው።

ስታዲየም ከመግባታችን በፊት የአስር ሶላት ሰዓት ደረሰና መስጊድ ገባ። እኔ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። ሲወጣ፣ እንደ ልማዴ ለእናቴ ዱዓ አደረግሁላት፣ ለክለባችንም ትንሽ ጨመርኩ አለኝ። በዚያች ሰዓት ወሎ ላይ ሰው ተሰልፎ በእናቱ አስከሬን ላይ ይሰግድ ነበር። ጫማውን ሊያጠልቅ ጎንበስ ሲል ፊቴን አዞርኩ።

ጨዋታውን አየሁት ብል ውሸት ነው። አሁን አወጧቸው፣ አሁን አፈር ለበሱ፣ አሁን ሰው ተመለሰ እያልኩ ተቀመጥኩ። እሱ ተነስቶ ይጨፍራል፣ ሻርፑን ያወዛውዛል፣ ምነው ዛሬ ዘጋህ፣ ክፍያ አለ እንዴ ለመጮህ እያለ ይጎሽመኛል። ክለባችን ባዶ ለባዶ እንደያዘ ጨዋታው ወደ ማለቂያው ተቃረበ። ከዚያ ከመስመር አንድ ኳስ ተሻማች። በረኛችን ሊይዛት ወጣ፣ አልደረሰባትም፣ ከኋላው ወድቃ ገባች። ያ ሁሉ ሕዝብ እጁን በራሱ ላይ ጫነ። ብዙም ሳይቆይ ፊሽካው ተነፋ።

ያን ጊዜ ይዤው የዋልኩት ሁሉ ገነፈለ። እንደ ሕፃን፣ ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ። ከፊት የተቀመጡት ዞረው አዩኝ፤ አንዱ አይዞህ አለኝ፣ አንዱ ዳኛውን ረገመልኝ። ዓመቱን ሙሉ ይችን ቀን ሲጠብቅ የኖረው እሱ ግን የራሱን ንዴት ትቶ አጠገቤ ቁጭ አለ። በሻርፑ ፊቴን ጠረገልኝ።

"ተው እንጂ ወንድሜ" አለኝ። "ኳስ እኮ ነው። ሰው አልሞተ።"

ከዚያ በኋላማ ማን ያባብለኝ። ደግፎ አስነሳኝና ሰፈር ድረስ በእግር ይዞኝ መጣ፤ ታክሲ ውስጥ ሰው እንዳያየኝ ብሎ እኮ ነው። እኔ እሱን ልጠብቅ ተልኬ እሱ እኔን ደጄ ድረስ ሸኘኝ። ስልኩን መጠየቁንም ረሳ። ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ጥርሴን አሞኛል ብላ ተሸፋፍና ቆየችው።

ሲነጋጋ ደጁ ላይ ተሰበሰብን፤ ሐጂና ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ እኛ የሱቅ ጎረቤቶቹ ከኋላ። ለሱብሒ ሶላት ሊወጣ በሩን ከፈተና አየን። በዚያ ሰዓት ደጅ የቆመ ሰው ለምን እንደመጣ አገሩ ሁሉ ያውቃል። እናቴን ነው አይደል አለ፣ እዚያው ደፉ ላይ ተቀመጠ። ሐጂ አጠገቡ ተቀምጠው ትከሻውን ያዙት።

ወደ ወሎ ስንነሳ መኪናው ውስጥ ጎኑ ተቀመጥኩ። ስልኩን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። ስልኩን አየው፣ እኔን አየኝ። ሳይከፍተው ኪሱ ከተተው።

"ትናንት ታውቅ ነበር?" አለኝ ከከተማ ስንወጣ።

አዎ አልኩት። በሱ ቦታ እኔ ብሆን መኪና አስቁሜ የምወርድ ነኝ፤ እንዲሰድበኝ ጠበቅሁ። ቀብሩ በስንት ሰዓት እንደነበር ጠየቀኝ። ከአስር ሶላት በኋላ፣ ኳሱ ሲጀመር አካባቢ አልኩት። ስታዲየም ያለቀስኩት ለሳቸው እንደነበር ጠየቀኝ። አዎ፣ ለሳቸውም ላንተም አልኩት።

እጄን ያዘኝ።

"እንኳንም አንተ አለቀስክላት" አለኝ። "እኔ እጨፍር ነበር።"