ሞላሌ የከረመችው የባሕር ጀልባ

በግቢያችን ውስጥ፣ ከበጎቹ ጋጣ አጠገብ፣ የእሽቅድምድም ጀልባ አለች። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ የምቀልድ ይመስለዋል። ሞላሌ ደጋ ነው፤ ባሕሩ ይቅርና በበጋ ልብስ የምናጥብበት ወንዝ እንኳ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ጀልባዋ ግን የእውነት ናት፤ ለዚያውም ባሕር ላይ ውድድር የሮጠች። ርዝመቷ የቤታችንን ያህላል። አፍንጫዋ ሾሎ ቀና ያለ ነው፤ ገላዋ ጥቁር ቀይ እንጨት፤ በጎኗ ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈ፣ ግማሹ የለቀቀ ቁጥር አለ።

ያመጣት አባቴ ነው። አባቴ በአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። እኔ ገና ድክ ድክ በምልበት ዘመን፣ መንግሥት ተለውጦ አገሩ ረጋ ሲል፣ በተሳቢ ጭኖ ሞላሌ አስገባት። የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ በገመድ አወረዳት፤ ድንጋይ ተደርድሮላት ተቀመጠች። ከዚያ አባቴ ዳስ ሠራላት፤ በጓሳ ሣርም ከደነላት። ጓሳ የጋራ መሬት ነውና ሣሩ እንዲታጨድ በተፈቀደ ቁጥር ክዳኗ ይታደሳል፤ አንዳንዴም ከእኛ ቤት ክዳን ቀድሞ። በጋ ሲገባ የሞተሯን መክደኛ ይከፍትና ዘይት ያጠጣዋል፤ ዝጎ እንዳይያዝ በእጁ ያሽከረክረዋል። እኛ ልጆቹ ጀልባዋ ላይ መውጣት ክልክል ነበር። ለምን እንደሆነ ስንጠይቀው "የሰው ናት" ይላል፤ ከዚያ ወዲያ አይናገርም።

ሰዉ ግን ይናገር ነበር። በግርግሩ ጊዜ ከመንግሥት የዘረፋት ናት የሚሉ ነበሩ። አንድ የገበያ ቀን እናቴ በገብስ ዋጋ ከአንዲት ሴት ጋር ስትከራከር፣ ሴትየዋ ሰው እየሰማ "ይኼ እንደ ባልሽ ጀልባ የተዘረፈ መሰለሽ?" አለቻት። እናቴ ገብሱን ትታ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ለአባቴ አልነገረችውም። ለእኔም የነገረችኝ እሱ ከሞተ በኋላ ነው።

እኔ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ካቻምና አባቴ የሳንባ ሕመሙ ሲጸናበት ፈቃድ ወስጄ ከእሱ ጋር ሰነበትኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ እንዲሞቅ አውጥተነው፣ የበግ ጠጉር ባናውን ተከናንቦ እንደተቀመጠ፣ ወደ ዳሱ አየና እንዲህ አለኝ፦

"ጀልባዋ አደራ ናት። ባለቤቷን ፈልጌ አጣሁት። አንቺ ፈልጊው።"

ስሙን ጠየቅሁት፤ አያውቀውም። በአሰቡ ነዳጅ ማጣሪያ የሚሠራ ሰው ነበር፤ ሁሉም "ኢንጂነር" ነው የሚለው። ጦርነቱ ሲቃረብ አዲስ አበባ ላለው ቤቱ እንዲያደርስለት ጀልባዋን አስጫነው፤ እኔም እከተልሃለሁ አለው። አባቴ አዲስ አበባ ሲደርስ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ገብቷል፤ ስለ ባለቤቱ የሚያውቅ የለም። ጀልባዋን ጋራዥ ሰፈር አንድ ዘመዱ ግቢ አቆማት። ጠበቀ። ሰውየው አልመጣም። ዘመዱ ግቢውን ሲፈልገው ደግሞ ከራሱ ቤት የተሻለ ቦታ አላገኘላትም። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ በሄደ ቁጥር ያንን ቤት ሳያንኳኳ አይመለስም ነበር።

አባቴ አርፎ አርባው እንዳለፈ እናቴ አስጠራችኝ። የነፍስ አባቷን አማክራለች። እሳቸውም ባልሽ ቢያርፍም አደራው በአንቺና በልጆችሽ እጅ ነው፣ እስከቻላችሁ ድረስ ፈልጉ ብለዋታል። እናቴ ግን አንድ ነገር ጨመረችበት። ኢንጂነሩን ማግኘት ብቻ አይበቃም። እሱስ ከማን አገኛት? የነጠቃት ከሆነ አደራው የእሱ አይደለም፤ መመለስ ያለባት ለፊተኛው ነው።

"ከመጀመሪያው ጀምረሽ የማን የማን እንደነበረች አጣሪልኝ" አለችኝ። "በዚህ ዕድሜዬ በሰው ንብረት ላይ ተኝቼ መሞት አልፈልግም።"

እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። የገበያዋ ሴት ያለችው እውነት ሆኖ ቢገኝስ? አባቴን ያመንኩትን ያህል፣ ያንን መስማት እንደማልችልም አውቀው ነበር።

የጀመርኩት ከአባቴ ረዳት ነው። በዚያ ጉዞ አብረውት የነበሩ ሰው ናቸው፤ አሁን አርጅተው ደብረ ሲና ልጃቸው ቤት ይኖራሉ። ጀልባዋን ሲያስታውሱ ሳቁ። በረሃውን ሲያቋርጡ አፋሮቹ ከመንገድ ዳር ቆመው ምን ዓይነት አውሬ ነው እያሉ ይጠይቋቸው እንደነበር ነገሩኝ። ከዚያ ሳቃቸው ቀረ። ከአሰብ የተነሡት ተከታትለው ከሚሄዱ ሌሎች መኪኖች ጋር ነበር። መንገድ ላይ ተኩስ ተከፈተ፤ ከኋላቸው የነበረው መኪና፣ እሱም እንደነሱ ሸራ የለበሰ ረጅም ጭነት የያዘ፣ ሲነድ በመስታወት አዩት። አባቴ ፍሬን አልያዘም። "ቢቆም ኖሮ እኔም ዛሬ አላወራሽም ነበር" አሉኝ። ኢንጂነሩ ግን የት እንደገቡ አያውቁም። ምናልባት አዲስ አበባ ያሉ የድሮ የአሰብ ነዋሪዎች ያውቁ እንደሆነ ብለው፣ በየወሩ የሚሰበሰቡበትን ቦታ ጠቆሙኝ።

ሄድኩ። አንዲት አሰብ ውስጥ ሻይ ቤት የነበራቸው እናት፣ ነገሬን ሳልጨርስ አቋረጡኝ። ያቺን ጀልባ በአሰብ የማያውቅ አልነበረም፤ እሑድ እሑድ ኢንጂነሩ የሠራተኛውን ልጆች እየጫኑ ያንሸራሽሩባት ነበር፤ የእሳቸውም ልጆች ተሳፍረውባታል። ከተማው ሲያዝ ኢንጂነሩ በባሕር ወጥተው ጅቡቲ ገቡ። እዚያ ብዙ ዘመን ሠርተው፣ ጡረታቸውን ይዘው ተመልሰዋል። አሁን አዳማ ናቸው። ስልካቸውን ሰጡኝ።

ያን ስልክ ለመደወል ሁለት ጊዜ አንስቼ ተውኩት። በመጨረሻ ስደውል የሽማግሌ ድምፅ አነሣው። ማን እንደሆንኩ ለማስረዳት፣ ጀልባዎን ከአሰብ የጫነው ሹፌር ልጅ ነኝ አልኳቸው።

"የሞላሌ ልጅ?" አሉ።

"አዎ፣ የሞላሌ ልጅ ነኝ። የምንኖረው እዚያ ነው።"

"የት?"

"ሞላሌ።"

ለካ እሳቸው ሞላሌ የአባቴ ስም ይመስላቸው ነበር። ሹፌሮቹ በአገሩ ነበር የሚጠሩት፤ አገር እንደሆነ የነገራቸው የለም። እኔም ይህን እየተረዳሁ፣ አባቴ አምና ማረፉን ነገርኳቸው። መቼ ብለው ደግመው ጠየቁኝ። አምና አልኳቸው። በሕመም ነው? አዎ፣ በሕመም፣ በአልጋው ላይ፣ ልጆቹ ሁሉ ባሉበት። ከዚያ በስልኩ ውስጥ የሰማሁት ልቅሶ ነበር። ግራ ገብቶኝ ጠበቅሁ።

"ልጄ" አሉ ቆይተው፣ "እኔ እኮ ያን ጊዜ መንገድ ላይ ተቃጥሎ ሞቷል ብዬ ነው የኖርኩት። ለእንጨት ብዬ የሰው ነፍስ አጠፋሁ እያልኩ።"

በሳምንቱ አዳማ ሄድኩ። መነጽር ያደረጉ፣ ረጅም፣ በከዘራ የሚሄዱ ሰው ናቸው። የተቃጠለውን መኪና ያዩ ሰዎች፣ ሸራ የለበሰ ረጅም ጭነት ነበረው ብለው ጅቡቲ ድረስ ወሬውን አምጥተውላቸዋል። እሳቸውም ጭነቱ የእኔ ጀልባ ነው አሉ፤ አመኑም። በየዓመቱ ለነፍሱ ያስጸልዩ ነበር። ቄሱ ሞላሌ የክርስትና ስም አይደለም ቢሏቸው፣ የማውቀው ይህንኑ ነው ብለው እንዲሁ እንዲያስቡት ለምነዋቸዋል። የአባቴን እውነተኛ የክርስትና ስም ስነግራቸው ቀስ ብለው ደገሙት።

የእናቴን ጥያቄ ለማንሣት አፍሬ ነበር፤ ግን አነሣሁት። አልተቀየሙም። እንዲያውም ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ።

ጀልባዋ የተሠራችው ኢጣሊያ አገር ነው፣ ለባሕር ውድድር ተብላ። ምጽዋ ያመጣት የበረዶ ፋብሪካ የነበረው አንድ ጣሊያን ነው። ጣሊያኑና ሌሎች ጀልባ ያላቸው ሰዎች ከምጽዋ እስከ ደሴቶቹ ደርሶ መልስ ይሽቀዳደሙ ነበር። ሞተሩን የሚጠብቅለትና አብሮት የሚሮጠው አንድ የምጽዋ ወጣት ነበር። አንድ ጊዜ እየመሩ ሳለ ጀልባቸው የተገለበጠባቸው ዓሣ አጥማጆች አዩ። ወጣቱ መሪውን ከጣሊያኑ እጅ ነጥቆ ወደ ሰዎቹ አዞረው። ውድድሩን ተሸነፉ፤ ሰዎቹ ግን ተረፉ። ጣሊያኑ ለጥቂት ቀን ካኮረፈው በኋላ እንደ ልጁ ያየው ጀመር። አገር ለቆ ሲሄድ ጀልባዋን ለእሱ ተወለት። ወጣቱ ኋላ አሰብ ወደብ መርከብ እየመራ የሚያስገባ ባለሙያ ሆነ፤ ጀልባዋን በባሕር ነድቶ ነው ያመጣት። ኢንጂነሩም የገዟት ከእሱ ነው።

ሰጠው ወይስ ትቶለት ሄደ? እናቴ ይህን እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ። ለኢንጂነሩ ስነግራቸው ፈገግ አሉና ስልካቸውን አወጡ። የዚያ ጀልባዋን የሸጠላቸው ሰው ባለቤት በሕይወት አሉ፤ አዲስ አበባ ነው የሚኖሩት። ድምፁን ከፍ አድርገው አገናኙኝ። ሴትዮዋ ሳቃቸው ከሩቅ የሚሰማ ነው።

"ጣሊያኑ ሊሄድ ሲል በሠርጌ ቀን እኮ ነው የሰጠው" አሉኝ። "ሕዝብ ፊት ቆሞ ቁልፏን ለባሌ አስጨበጠው። እኔ ወርቅ ነበር የጠበቅኩት። ባሌማ ደስ ብሎት ሙሽራዋንም ረስቷት ነበር።"

ከአዳማ ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ መስኮቱን ተደግፌ አለቀስኩ። ሰው እንዳያየኝ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩት። ሐዘን አልነበረም። አባቴ ሰርቆ አያውቅም፤ የትኛውም ባለቤቷ አልሰረቃትም። ከእጅ ወደ እጅ በፈቃድ የተላለፈች ጀልባ ነበረች።

ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ጸሎቱ ስትሰማ የነበረውን ፊቷን አልረሳውም። መጀመሪያ አማተበች፤ ከዚያ ሳቋ አመለጣት። "በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት" አለች። "እንዲያማ ከሆነ ዕድሜው የረዘመው ለዚያ ነዋ።"

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ የባልደረባዬን መኪና ተውሼ ኢንጂነሩን ደብረ ብርሃን ተቀበልኳቸውና ወደ ሞላሌ ወሰድኳቸው። ብርዱ ስላስቸገራቸው የአባቴን ካፖርት ሰጠናቸው፤ ልካቸው ሆነ። እናቴ ቀጥታ ወደ ዳሱ ልትወስዳቸው ስትል፣ አስቀድመው መቃብሩን ማየት እንደሚፈልጉ ነገሯት። ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ፤ ብዙ ቆሙ። ምን እንዳሉ አልሰማሁም።

ግቢ ስንመለስ የነፍስ አባታችንም መጥተው ነበር። ኢንጂነሩ ጀልባዋን በከዘራቸው እየተደገፉ ዞሯት። የሞተሩን መክደኛ አስከፈቱ፤ እጃቸውን ሰደው የሆነ ነገር ገፋ አደረጉ፤ ሞተሩ ዞረ። ወደ እናቴ አዩ።

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ፊታቸው ቆመች። "ባለቤቴ የተቀበለው ይኸው ነው" አለች። "የጎደለ ካለ ይንገሩኝ።"

"ምንም የጎደለ የለም፤ እንዲያውም ቤት ተሠርቶላታል።"

"እንግዲያው ተረክቤያለሁ ይበሉ።"

ኢንጂነሩ ቄሱን አዩ፤ ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ተረክቤያለሁ" አሉ ኢንጂነሩ። "ከእጃችሁ በደኅና ተረክቤያለሁ።"

እናቴ ከዳሱ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እፎይ አለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ረጅም። ትከሻዋ ዝቅ ሲል አየሁት፤ ስንት ዘመን ወደ ላይ ተሰብስቦ እንደኖረ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ኢንጂነሩ ግን አልጨረሱም። አሰብ የእኛ አይደለም፤ እኔም ጀልባ የምነዳበት ወገብ የለኝም አሉ። ከዚህ አንሥቼ የት እወስዳታለሁ? ፈቃዳችሁ ከሆነ እዚሁ ትሁን፤ ዛሬ ከተረከብኳት ዛሬውኑ ለእርስዎ ሰጥቻለሁ አሏት። እናቴ ወዲያው አልተቀበለችም። ስጦታ መሆኑን በነፍስ አባታችን ፊት ደግመው እንዲናገሩት ጠየቀቻቸው። ደገሙት። ቄሱ ባረኩ። ጠላ ቀረበ፤ ኢንጂነሩ ከጠጡ በኋላ ስለ አባቴ አነዳድ፣ ስለ አሰብ ሙቀት፣ ስለዚያ ስለ ጣሊያኑ ኩርፊያ እያወሩ ቄሱን ሳይቀር አሳቋቸው።

በማግስቱ መለስኳቸው። ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ሸፈነው። መኪናውን ዳር ይዤ እስኪገልጥ ቆምኩ። ኢንጂነሩ ካፖርቱን እንደለበሱ፣ ራሳቸው ወደ መስኮቱ አዘንብሎ፣ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ትንፋሻቸው እንደ ሕፃን የረጋ ነበር። ስልኬ ጮኸ፤ እናቴ ናት። የት እንደደረስን፣ እንግዳዋ እንዴት እንደሆኑ ጠየቀችኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ተኝተዋል አልኳት።

"እንዳትቀሰቅሻቸው" አለችኝ። "ይተኙ።"