የጥርባው ባለ መብራት

ውዱ የሚባል ባትሪ ሠሪ ነበር። ሙያውን የተማረው ዳንግላ ካንድ ጋራዥ ተቀጥሮ ነው፤ ዋጋዬን ሲያገባ ግን ወደ እሷ አገር፣ ወደ ጥርባ ገባ። የሞተ የመኪና ባትሪ ገዝቶ ይከፍታል፤ የተበላውን እርሳስ አቅልጦ እንደገና ያፈሳል፤ አሲድ ሞልቶ ለገበሬው ይሸጣል። እርሳሱን ጓሮ ውስጥ በብረት ድስት የምታቀልጠው ዋጋዬ ነበረች።

አንድ ቀን ጎረቤታቸው አያ ደሴ ከውዱ የገዙት ባትሪ ሞቶባቸው በአህያ ጭነው መጡና ከደጁ ዘረገፉት።

«ስማ ልጄ፣ እኔ የፈለግሁት መብራት እንጂ ይህን ድንጋይ አይደለም። ባትሪው እዚሁ አንተ ዘንድ ይቀመጥ፤ ለእኔ ብርሃኑን ላክልኝ።»

ዋጋዬ ሳቀች። ውዱ ግን ነገሩን ሲያሰላስል ከረመ። በኋላ ሶላር ገዝቶ ጣሪያው ላይ ሰቀለ፤ ባትሪዎቹን ደርድሮ አያያዘ፤ የባሕር ዛፍ ምሰሶ እየተከለ ሽቦ ዘርግቶ መብራቱን ለጎረቤቱ አደረሰ። ሰዉ «ባትሪ ሠሪው» ማለቱን ትቶ «ባለ መብራቱ» ይለው ጀመር። በስሙ ከእሱ ይልቅ የምትኮራው ዋጋዬ ነበረች።

መብራት ፈላጊው በበዛ ቁጥር ባትሪውም፣ የሚቀልጠውም እርሳስ በዛ። ዋጋዬን ሆዷን ይቆርጣት፣ ፊቷም ይገረጣ ጀመር። ሁለት ጊዜ አረገዘች፤ ሁለት ጊዜም አስወረዳት። ጠበል ተመላለሰች። በመጨረሻ እንጅባራ ሐኪም ቤት ሄዱ፤ ሐኪሟ ሥራቸውን ጠይቃ ስትሰማ ደነገጠች።

«ጢሱ ነው። እርሳሱ ደምሽን እየበላው ነው። ከእንግዲህ እዚያ እሳት አጠገብ እንዳትደርሺ።»

ውዱ የዚያኑ ዕለት እሳቱን አጠፋ።

ክረምቱ ገባ፤ ፀሐይ ጠፋች፤ ያረጁት ባትሪዎች ደከሙ። ጎረቤት ሁሉ «መብራታችን ምን ሆነ?» እያለ ደጃቸውን አጣበበው። ውዱ አዲስ ባትሪ ፍለጋ ዳንግላ ወረደ። ሲመለስ ጓሮው ይጨሳል። ዋጋዬ፣ እንደገና ያረገዘችው ዋጋዬ፣ ድስቱ ላይ አጎንብሳለች።

«ምነው ዋጋዬ! ምን ነካሽ?»

«ሰው ሲመላለስ እያየሁ እንዴት እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? ለዛሬ ብቻ ነው።»

ሳምንት ሳይሞላ ደም ፈሰሳት። የጫናት ባጃጅ ጭቃው ውስጥ ሰጠመ፤ የመንደሩ ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ አስፋልቱ ሮጠ። ውዱ እጇን እንደያዘ ከጎኗ ይሮጣል። አስፋልቱ ሳይደርሱ እጇ ከእጁ ውስጥ ላላ። «ቁሙ» አላቸው። ቆሙ።

ከተዝካሯ በኋላ ውዱ ሽቦውን ከየምሰሶው ይፈታ ጀመር። አያ ደሴ መጥተው አጠገቡ ቆሙ።

«ሰዉን ጨለማ ውስጥ ልትጥለው ነው?»

«አያ፣ እርስዎ ብርሃኑን ላክልኝ አሉኝ፤ ላክሁ። ጢሱ ግን እኔው ቤት ቀረ። ከእንግዲህ ማን ላይ ላጭሰው?»

ሽማግሌው ዱላቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው የተፈታውን ሽቦ እየተቀበሉ ይጠቀልሉ ጀመር።

ውዱ አሁን እንጅባራ የባጃጅ ጎማ ይለጥፋል። በገበያ ቀን የጥርባ ሰው ሲያገኘው «መቼ ትመለስልናለህ?» ይለዋል።

«የመንግሥት የመብራት መስመር ይመጣል ተብሏል እኮ» ይላል፣ ቀና ሳይል።